ለምግብና መጠጥ ማምረቻ የፕላስቲክ ቧንቧ እንዴት ይመረጣል?

«ለጁስ ማምረቻ ፒፒአር (በሙቀት የሚበየደው የፕላስቲክ ቧንቧ) ይሆናል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ተደጋግሞ ይደርሰኛል። ጠያቂው አንዳንዴ እርጎ አምራች ነው፣ አንዳንዴ የውሃ ማሸጊያ ቤት ያለው፣ አንዳንዴም ጠጁን በጠርሙስ አሽጎ ለመሸጥ የተነሳ ሰው። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ መስመሩን በምን ታጥቡታላችሁ? በስንት ዲግሪ? ቧንቧን የሚገድለው ብዙውን ጊዜ ወተቱ ወይም ማንጎው አይደለም፤ ሥራ ካለቀ በኋላ የሚገባው ትኩስ ማጠቢያ ነው። በ5 ዲግሪ የሚያልፍ ወተት ተራውን ፒቪሲ ምንም አያደርገውም። ያንኑ መስመር በ75 ዲግሪ ኮስቲክ ሶዳ ብታጥቡት ግን ቧንቧው ይለሰልሳል፣ ይጎብጣል፣ መገጣጠሚያው ላይ ማንጠባጠብ ይጀምራል።

ስለዚህ ከታች ያሉት ደረጃዎች ከአጠባው ተነስተው ወደ ቧንቧው ይሄዳሉ። ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። ብዙ ሰው መርካቶ ሄዶ ቧንቧውን ገዝቶ ከመጣ በኋላ ነው ሙቀቱን የሚጠይቀው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ፓስቸራይዘር (ምርቱን አሙቆ ጀርም የሚገድለው ማሽን)፣ ሆሞጂናይዘር (ቅባቱን አድቅቆ የሚያዋህደው)፣ ከእነሱ ወደ መሙያ ማሽን የሚሄደው የምርት መስመር፣ ትኩስ የምግብ ዘይት፣ እንዲሁም እንፋሎት የስቴንለስ ወይም የብረት ቦታ ናቸው። በነዚህ ላይ ፕላስቲክ አትሞክሩ። ፕላስቲክ የሚያዋጣው ለጥሬ ውሃና ለተጣራ ውሃ፣ ለበረዶ ውሃ፣ ለጨው ውሃ፣ ለማጠቢያ ኬሚካል ማድረሻ፣ ለፍሳሽ፣ እንዲሁም ለአንዳንድ ቀዝቃዛ የምርት መስመሮች ነው።

የሚያስፈልጓችሁ

- የማምረቻው ወለል ንድፍ (በእጅ የተሳለም ይበቃል) እና ባለ ቀለም እስክሪብቶ
- ቴርሞሜትር፣ የግፊት መለኪያ (ጌጅ)፣ ካሊፐር፣ ሜትር
- የማጠቢያና የማምከኛ ኬሚካሎቻችሁ ስምና የምትጠቀሙበት መጠን በመቶኛ
- የፓምፑ መግለጫ፦ በሰዓት ስንት ሊትር፣ በስንት ባር
- ከአቅራቢው የሚጠየቁ ወረቀቶች (ደረጃ 6 ላይ ተዘርዝረዋል)
- ክዳን ያለው የብርጭቆ ማሰሮና ትኩስ ውሃ
- ለመግጠሚያ፦ ቀጥ አድርጎ የሚቆርጥ የቧንቧ መቀስ፣ የፒፒአር መበየጃ ማሽን ወይም ሙጫና ማጽጃው፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ ንጹሕ አልኮል፣ ሰዓት
- ጓንትና የዓይን መከላከያ፤ ኮስቲክ ሶዳ ዓይን ያጠፋል

1. መስመሮቹን ለያዩ

ንድፉ ላይ እያንዳንዱን መስመር በተለያየ ቀለም ሳሉ፦ ውሃ፣ ምርት፣ ማጠቢያ፣ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ፍሳሽ። ለፋብሪካው ሁሉ የሚሆን አንድ የቧንቧ ዓይነት አትፈልጉ፤ የለም። ሁሉንም በአንድ ዓይነት ልትሠሩ ካሰባችሁ ወይ ለፍሳሽ የማያስፈልግ ገንዘብ ታወጣላችሁ፣ ወይ ለምርቱ የማይሆን ቧንቧ ትገጥማላችሁ።

2. የእያንዳንዱን መስመር ክፉ ሰዓት ጻፉ

ከእያንዳንዱ መስመር ጎን አራት ነገር ጻፉ፦ ከፍተኛው ሙቀት፣ በዚያ ሙቀት ያለው ግፊት፣ የሚያልፈው ኬሚካል፣ የሚቆይበት ጊዜ። የተለመደው ቀን አይበቃም፤ ቧንቧ የሚሰነጠቀው በክፉው ሰዓት ነው።

መስመሩን ሳይፈቱ ማጠብ (ሲአይፒ) ላይ በብዛት የሚሠራበት ከ1 እስከ 2 በመቶ ኮስቲክ ሶዳ በ70 እና በ80 ዲግሪ መካከል፣ ቀጥሎ ከ0.5 እስከ 1 በመቶ ናይትሪክ አሲድ በ60 እና በ70 ዲግሪ መካከል ነው። እናንተ ጋ ያለው ከዚህ ሊለይ ስለሚችል ኦፕሬተሩ የሚነግራችሁን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ቴርሞሜትሩን ማጠቢያው ወደ ገንዳው የሚመለስበት ቧንቧ ላይ አስገብታችሁ ለኩ። ገንዳው 70 ተብሎ 85 የሆነበት ቦታ ብዙ ነው።

ቧንቧው ፀሐይ ላይ የሚያልፍ ከሆነም ጻፉ። ድሬዳዋ ጣሪያ ላይ የተዘረጋ ቧንቧ ሆለታ ውስጥ፣ ጥላ ሥር ካለው ጋር አንድ ዓይነት ኑሮ የለውም።

3. ፕላስቲኩን ከሥራው ጋር አገናኙ

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ።

*ፒቪሲ።* ርካሽ ነው፣ በሙጫ ይገጠማል፣ አሲድንም ሶዳንም ይችላል። ጣራው 60 ዲግሪ ነው፤ እዚያ ሲደርስ ደግሞ ግፊት የመሸከም አቅሙ ከሩብ በታች ወርዷል። ለቀዝቃዛ ውሃ፣ ለጨው ውሃ፣ ለቀዝቃዛ ኬሚካል ጥሩ ነው። ትኩስ አጠባ ላለበት መስመር አይሆንም።

*ሲፒቪሲ።* ሙቀቱን ይችላል፤ እንደ አሠራሩ እስከ 80 ወይም 90 ዲግሪ ገደማ ይሄዳል። ደካማ ጎኑ የምግብ ዘይት ነው። የኑግም ሆነ የሱፍ ዘይት ሲነካው ውጥረት ያለበት ቦታ ላይ፣ በተለይ ክሩና ማጠፊያው ላይ፣ ይሰነጠቃል። ዘይት ባለበት ቤት ውስጥ አታስገቡት።

*ፒፒአር።* እኛ ጋ በቀላሉ የሚገኘውና ማንኛውም የቧንቧ ሠራተኛ መበየድ የሚችለው ይህ ነው። ለኮስቲክ ሶዳ በጣም ጠንካራ ነው። በ70 ዲግሪ ለዓመታት ይሠራል፤ ከዚያ በላይ ለአጭር ጊዜ፣ በዝቅተኛ ግፊት ብቻ። የማይወደው ኃይለኛ ኦክሲዳይዘርን ነው፦ ያልተበረዘ ናይትሪክ አሲድ፣ ትኩስ በረኪና። በ1 በመቶ የተበረዘው ናይትሪክ አሲድ አይጎዳውም። ፀሐይ ላይ ግን ይደርቃል፤ ውጭ የሚያልፈውን ሸፍኑት።

*ኤችዲፒኢ።* ለቀዝቃዛ መስመር ከሁሉም የበለጠ ጽኑ ነው። ቢመታም አይሰበርም፣ ውርጭም አያስጨንቀውም፤ ስለዚህ ለበረዶ ውሃና ከመሬት በታች ለሚቀበር መስመር ምርጫዬ እሱ ነው። ጥቁሩ ውስጥ ያለው ካርበን ከፀሐይ ይጠብቀዋል። ከ40 ዲግሪ በላይ ለግፊት መስመር አትጠቀሙበት።

*ፒቪዲኤፍ።* እስከ 140 ዲግሪ ይችላል፣ ውድ ነው፣ ሻጭም «ሁሉንም ይችላል» ይላችኋል። አይችልም። ጠንካራ ሶዳ፣ ማለትም ፒኤቹ (የአሲድና የሶዳ ኃይል መለኪያው) ከ12 በላይ የሆነ፣ ያደክመዋል። 1 በመቶ ኮስቲክ ሶዳ ደግሞ ፒኤቹ ከ13 በላይ ነው። በየቀኑ በሶዳ ለሚታጠብ መስመር ከመደርደሪያው ላይ በጣም ውዱን ገዝታችሁ ከፒፒአር ያነሰ ልታገኙ ትችላላችሁ።

*ኤቢኤስ።* ለቀዝቃዛ ውሃ ደህና ነው፤ ዘይት፣ ቅባትና አልኮል ግን ያበላሹታል። ለጠጅ፣ ለቢራና ለወተት ቤት አይሆንም።

ምርቱም የራሱ ጣጣ አለው። የብርቱካንና የሎሚ ልጣጭ ዘይት ፒፒ (ፒፒአር የሚሠራበት ፕላስቲክ) እና ኤችዲፒኢ ውስጥ ይሰርጋል፤ ጁሱ መዓዛውን ያጣል፣ ከዚያ ቧንቧው በቀጣዩ ምርት ላይ የብርቱካን ሽታ ይለቃል። ጠዋት ብርቱካን፣ ከሰዓት ማንጎ የምትሠሩ ከሆነ ለምርት መስመሩ ስቴንለስ ይሻላችኋል። አቮካዶን እንደ ጁስ አትቁጠሩት፤ ቅባቱ ብዙ ስለሆነ እንደ ቅባት ምርት ያዙት። ጠጅ ላይ ያለው የአልኮል መጠን ለፒፒም ለኤችዲፒኢም ችግር አይደለም።

4. ቧንቧው ላይ የተጻፈውን ግፊት በሙቀት ቀንሱ

ቧንቧው ላይ «ፒኤን 10» ወይም «ፒኤን 16» ተብሎ የታተመው ቁጥር ባር ነው፤ በ20 ዲግሪ ውሃ ላይ የተሰጠ። ሙቀት ሲጨምር ቁጥሩ ይወርዳል። ለኤችዲፒኢ በ30 ዲግሪ በ0.87፣ በ40 ዲግሪ በ0.74 አባዙት፦ ፒኤን 10 የነበረው በ40 ዲግሪ 7.4 ባር ይሆናል። ለሌሎቹ አቅራቢው የሙቀትና የግፊት ሠንጠረዥ ሊሰጣችሁ ይገባል። ሠንጠረዥ የሌለው ሻጭ ለቤት ሻወር ሊሸጥላችሁ ይችላል፤ ለፋብሪካ ግን አይደለም።

የፓምፕ መሳቢያ በኩል ያለውን አትርሱ። ትኩስ መስመር ተዘግቶ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ይመጠጣል፤ ስስ ግድግዳ ያለው ለስላሳ ቧንቧም ይጨመደዳል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ራሱ ከባሕር ወለል በሩብ ገደማ ስለሚያንስ ፓምፕ የመሳብ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ውሃም በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የመሳቢያውን ቧንቧ አሳጥሩ፣ አስፉ፣ ወፍራም ግድግዳ ያለውን ምረጡ።

5. ስፋቱን በውስጡ ለኩ

የፕላስቲክ ቧንቧ ስሙ የውጭ ስፋቱ ነው። ባለ 50 ፒፒአር ፒኤን 20 ግድግዳው 8.3 ሚሊሜትር ስለሆነ የቀረው ቀዳዳ 33.4 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ባለ 50 ፒቪሲ ፒኤን 10 ደግሞ 45.2 አለው። «50 በ50 ተካሁት» ብሎ ፓምፑ ሲያቃስት የሚገርመው ሰው አለ።

ለአጠባ ፈሳሹ ቢያንስ በሰከንድ 1.5 ሜትር መሄድ አለበት፤ ከዚያ ካነሰ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን አያነሳም። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ውስጣዊውን ስፋት በሚሊሜትር በራሱ አባዙት፣ ከዚያ በ4.24። የሚወጣው ቁጥር በሰዓት የሚያስፈልገው ሊትር ነው። ለ33.4 ሲሠራ 4,730 ገደማ፣ ለ45.2 ደግሞ 8,660 ገደማ ይመጣል። የማጠቢያ ፓምፓችሁ በሰዓት 5,000 ሊትር ከሆነ ሰፊው ቧንቧ በደንብ አይታጠብላችሁም ማለት ነው። «ሰፋ ያለ ይሻላል» የሚለው የቤት ውሃ ልማድ እዚህ አይሠራም።

6. ለምግብ መሆኑን በወረቀት አረጋግጡ

ቧንቧው ላይ የታተመው የብርጭቆና የሹካ ምልክት መነሻ ነው እንጂ መድረሻ አይደለም። እነዚህን ጠይቁ፦

- የቧንቧው ደረጃ፦ ለኤችዲፒኢ አይሶ 4427፣ ለፒቪሲ አይሶ 1452፣ ለፒፒአር አይሶ 15874፣ ለሲፒቪሲ አይሶ 15877።
- ለመጠጥ ውሃ፦ ኤንኤስኤፍ 61 (የመጠጥ ውሃ ዕቃዎች የጤና ደረጃ) ወይም ተመጣጣኙ። ይህ ለውሃ ነው። ለወተት፣ ለጁስ ወይም ለዘይት ፈቃድ አድርጋችሁ አትቁጠሩት፤ አሲድና ቅባት ከፕላስቲክ ውስጥ የሚያወጡት ነገር ውሃ ከሚያወጣው ይለያል።
- ለምርት መስመር፦ በአውሮፓ ኅብረት ደንብ 10/2011 ወይም በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር (ኤፍዲኤ) መሠረት የተጻፈ ማረጋገጫ። የአውሮፓው በምን ፈሳሽ እንደተሞከረ ይገልጻል፤ ለአሲዳማ ጁስ በ3 በመቶ አሴቲክ አሲድ፣ ለአልኮል መጠጥ በ20 በመቶ ኢታኖል፣ ለወተት በ50 በመቶ ኢታኖል፣ ለቅባት በአትክልት ዘይት። የእናንተ ምርት የሚገባበትን ፈልጉ፤ የሙከራውን ሙቀትም ተመልከቱ።
- ለፒቪሲ፦ እርሳስ የሌለበት መሆኑ። የአውሮፓ አምራቾች እርሳስ ያለበትን ማረጊያ (ፕላስቲኩ በሙቀት እንዳይበላሽ የሚጨመረውን) በ2015 ማብቂያ ትተውታል፤ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ፒቪሲ ግን ገበያ ላይ አለ።

ወረቀቱ ላይ ያለው የምርት ቁጥር ቧንቧው ላይ ከታተመው ጋር መግጠሙን በዓይናችሁ እዩ። የአንዱን ወረቀት ለሌላው ቧንቧ ማቅረብ የተለመደ ነው። ፋይሉንም አስቀምጡት፤ ተቆጣጣሪ ሲመጣ የሚጠይቀው እሱን ነው።

ቀጥሎ ማሰሮውን አምጡ። ከቧንቧው ጥቂት ቁራጭ አስገቡ፣ 60 ዲግሪ ገደማ ውሃ ሙሉበት፣ ክዳኑን ግጠሙ፣ ለአንድ ሌሊት አስቀምጡ። ጎን ለጎን ውሃ ብቻ ያለበት ሌላ ማሰሮ ይኑር። ጠዋት ሁለቱንም ክፈቱና አሽትቱ። የቧንቧው ማሰሮ የተቃጠለ ፕላስቲክ፣ ጋዝ ወይም ሳሙና ከሸተተ መልሱት፤ ተፈጭቶ የተሠራ አሮጌ ፕላስቲክ ሊኖርበት ይችላል። ካልሸተተ ግን «ጸድቋል» ማለት አይደለም። ይህ ሙከራ መጥፎውን ይጥላል እንጂ ጥሩውን አያጸድቅም።

7. መገጣጠሚያውንና ጋስኬቱን ለብቻ መርምሩ

ቧንቧው ጥሩ ሆኖ መገጣጠሚያው የሚያበላሸው ብዙ ነው። የፒፒአር ባለ ክር መገጣጠሚያ ውስጡ በኒኬል የተለበጠ ነሐስ አለው። ናይትሪክ አሲድና አሲዳማ ጁስ ልባጡን በልተው ነሐሱ ላይ ይደርሳሉ፤ ምርቱም የብረት ጣዕም ይይዛል። አሲድ በሚያልፍበት መስመር ባለ ስቴንለስ ክር ይሁን፣ ወይም በፍላንጅ (በብሎን በሚታሰር ክብ ጠርዝ) ግጠሙ።

ጋስኬት (መገጣጠሚያ መሐል የሚገባው ማሸጊያ ጎማ) ላይ ኢፒዲኤም የተባለው ጎማ ለትኩስ ሶዳ ጥሩ ነው፣ የምግብ ዘይት ሲነካው ግን ያብጣል። ናይትራይል ዘይቱን ይችላል፣ ናይትሪክ አሲዱን ግን አይወድም። ቫይቶን ዘይትና አሲድ ይችላል፣ ትኩስ ሶዳ ያደክመዋል። በሁሉም የሚያልፍ ጎማ ስለሌለ የመስመሩን ክፉ ሰዓት እንደገና አንብቡና ምረጡ።

8. ቧንቧው እንዲረዝም ቦታ ተዉለት

ፒፒአር ለእያንዳንዱ ሜትር፣ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.15 ሚሊሜትር ይረዝማል። 20 ሜትር የሆነ መስመር ከ20 ወደ 75 ዲግሪ ሲወጣ 20 × 55 × 0.15 = 165 ሚሊሜትር፣ ማለትም 16 ሴንቲ ተኩል ይጨምራል። ያው ርዝመት ስቴንለስ ቢሆን 2 ሴንቲ አይሞላም። ግድግዳው ላይ ጠፍራችሁ ካሰራችሁት መሄጃ ስለሚያጣ እንደ እባብ ይጠመዘዛል፤ ያጠራቀመው ውሃም ጎድጓዳው ውስጥ ይቀራል፣ ውሃው በቀረበት ደግሞ ባክቴሪያ ይራባል።

ስለዚህ በየመሐሉ የኤል ወይም የዩ ቅርጽ ያለው መታጠፊያ አስገቡ፤ አንዱን ማሰሪያ አጥብቁ፣ ሌሎቹ ቧንቧውን ያንሸራትቱ። ትኩስ መስመር ከሆነ ማሰሪያዎቹን አቀራርቡ፣ ወይም ቧንቧውን ሙሉ ርዝመቱን በሚደግፍ የብረት አልጋ ላይ አስተኙት። በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ዘቅዝቁት፤ ሲቆም ራሱን ባዶ ማድረግ አለበት።

ቲ (ሦስት አፍ ያለው መገጣጠሚያ) ላይ የሚቀር፣ ምንም የማይፈስበት ጉቶ ከቧንቧው ውስጣዊ ስፋት አንድ ተኩል እጥፍ አይርዘም። «ወደፊት ሊያስፈልግ ይችላል» ተብሎ ተደፍኖ የሚተው ቲ የማጠቢያው ፈሳሽ ስለማይደርስበት የብክለት መኖሪያ ይሆናል።

9. ግጠሙ

ፒፒአር ሲበየድ፦ ማሽኑ 260 ዲግሪ ይድረስ። ቧንቧውን ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ በአልኮል አጽዱ፣ የሚገባበትን ጥልቀት ምልክት አድርጉ። የማሞቂያው ጊዜ ለ20 ሚሊሜትር 5 ሰከንድ፣ ለ25 7 ሰከንድ፣ ለ32 8 ሰከንድ፣ ለ63 24 ሰከንድ ነው። ሳታሽከረክሩ ቀጥ አድርጋችሁ አስገቡና እስኪይዝ ያዙት። ጊዜው ሲበዛ የቀለጠው ወደ ውስጥ ይገፋና ቀለበት ይሠራል፤ ቀለበቱ ላይ ወተት ይንጠለጠላል። ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት ሠራተኛው ሁለት ሦስት ናሙና ይበይድ፤ በቁመቱ ሰንጥቃችሁ ውስጡን እዩ።

ፒቪሲ ሲጣበቅ፦ ሙጫው ከውስጥ እንዳይጠራቀም ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። የሙጫው ሟሟ ውስጡ ከቀረ ውሃው ይሸታል። ግፊት ከመስጠታችሁ በፊት 24 ሰዓት ጠብቁ።

10. ሞክሩ፣ አጥቡ፣ ከዚያ ምርት አስገቡ

መስመሩን ውሃ ሙሉ፣ አየሩን ከላይ አስወጡ፣ ከሥራ ግፊቱ ወደ አንድ ተኩል እጥፍ ከፍ አድርጉ፤ ደረጃ 4 ላይ ካወጣችሁት ጣራ ግን አትለፉ። ፕላስቲክ ስለሚለጠጥ መለኪያው መጀመሪያ ላይ ትንሽ ይወርዳል፤ መልሳችሁ ሙሉትና ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት እንዳይነቃነቅ ተመልከቱ።

ቀጥሎ በአጠባው ሙቀት ውሃ ብቻ አዙሩ። መስመሩ የሚጎብጥ፣ ማሰሪያው የሚነቀል ከሆነ ሶዳ ሳይገባበት አሁን ይታያል። ከዚያ በሙሉ የአጠባ ሥርዓታችሁ እጠቡ፣ ንጹሕ ውሃ ሞልታችሁ አሳድሩ፣ ጠዋት ቅመሱት። ጣዕም ካለው እንደገና እጠቡና ደግማችሁ አሳድሩ።

በጣም ተጠንቀቁ

- ለኮምፕረሰር አየር ፒቪሲም ሲፒቪሲም አትጠቀሙ። የታመቀ አየር የያዘ ፒቪሲ ሲፈነዳ እንደ ብርጭቆ ተሰባብሮ ሰው ያቆስላል። ግፊትም ሁልጊዜ በውሃ እንጂ በአየር አትሞክሩ።
- እንፋሎት ወደ ፕላስቲክ መስመር የሚገባበት ቫልቭ ካለ ንቀሉት። «ለማምከን አንዴ ብቻ» የሚል ሰው ይመጣል፤ ያቺ አንዷ ትበቃለች።
- ዱቄትና ስኳር በአየር የሚነፋበትን መስመር ከተራ ፕላስቲክ አትሥሩ። ሲፋተግ ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል፣ ብልጭታውም የዱቄት ብናኝ ሊያፈነዳ ይችላል።
- አሲድና በረኪና በአንድ መስመር ተከታትለው ሲገቡ በመሐል በውሃ አጥቡ፤ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

የአትክልት ማጠጫ ጎማ ለወተት ማስተላለፊያ ማድረግ። ጎማውን የሚያለሰልሰው ኬሚካል ቅባት ባለበት ምግብ ውስጥ ይገባል። ለምግብ የተሠራ ተጣጣፊ ቱቦ ይሸጣል፤ እሱን ግዙ።

ለመስኖ የተሠራውን ጥቁር ኤችዲፒኢ ለምርት ውሃ መግጠም። የመጠጥ ውሃው ብዙ ጊዜ ሰማያዊ መስመር አለው፤ ሰማያዊው መስመር ግን ደረጃ 6ን አይተካም።

ቧንቧውን ከአንድ፣ መገጣጠሚያውን ከሌላ አምራች ገዝቶ መበየድ። ልኩ በጥቂቱ ይለያያል፣ ብየዳው ይይዛል፣ ከወራት በኋላ ትኩሱ ሲመላለስበት ይለቃል። ሁለቱን ከአንድ አምራች ውሰዱ፤ መለዋወጫውንም ያኔውኑ አብራችሁ ግዙ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ያው ዕቃ ገበያ ላይ ላይገኝ ይችላል።

ውስጡን በሽቦ ብሩሽ መፈግፈግ። ፕላስቲክ ይጫራል፣ ጭረቱ ውስጥ የገባውን ማንኛውም አጠባ አያወጣውም። መስመሩ በአጠባ ብቻ ካልጸዳ የፍጥነቱን ሒሳብ (ደረጃ 5) እንደገና ሥሩ፤ ፓምፑ ያነሰ ይሆናል።